ሳሕኑን የያዘችው ማን ናት?

በዕረፍት ቀናችሁ ወደ ሳብራ ገበያ ስትሄዱ ካገለገለው ልብስና ከድስቱ ክምር አጠገብ ወርቅማ ክፈፍ ያለው ሥዕል ግድግዳ ተደግፎ ብታዩ፥ አልፋችሁት አትሂዱ። እኔ ሁልጊዜ እቆማለሁ። የጥንት የፈረንሳይን የዘይት ቀለም ሥዕል መሰብሰብ የባለጸጎች ነገር ነው፤ የእኔ አቅም የሚፈቅደው በወረቀት የታተሙ ቅጂዎችን ማከማቸት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የመመልከት ዋጋ ለባለጸጋውም ለእኔም እኩል ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ የአካዳሚውን ሥርዓት የተከተሉ ሠዓልያን፥ የተዋጣለት ሥራ የሚሉት የብሩሽ ዱካ የማይታይበትን ነበር። ቀለሙን በስሱ እየደራረቡ፥ ፊቱ እንደ መስተዋት እስኪለሰልስ ድረስ ይደክሙበት ነበር። በዚህም ምክንያት ጥሩ ኅትመት ከሩቅ ሲታይ እውነተኛውን ሥዕል ሊመስል ይችላል። አዋቂ ሰብሳቢ ግን ፊቱን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ በአጉሊ መነጽር የኅትመት ነጠብጣብ ይፈልጋል፤ ቀጥሎም ሥዕሉን ገልብጦ ሸራውን፥ የተወጠረበትን እንጨትና የዛገውን ምስማር ይመረምራል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ የእኛን ሥራ በሌላ ዓይን አየዋለሁ። ቤት አጽድታችሁ ስትጨርሱ የእጃችሁ ዱካ የትም አይገኝም፤ ወለሉ ሲያበራ የሚመሰገነው ቤቱ ነው። የማይታይ ድካም ግን ያልተደከመ ድካም አይደለም።

ከእነዚያ ሠዓልያን አንዱ ዣን-ሌዎን ዤሮም ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የሣለው «የሙሮች መታጠቢያ» ዛሬ በቦስተን ሙዚየም ይገኛል። በሥዕሉ አንዲት ነጭ ሴት ገላዋን ትታጠባለች፤ አጠገቧ አንዲት ጥቁር አገልጋይ ትልቅ ሳሕን ይዛ ቆማለች። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በምትታጠበው ላይ ነው። የእኔ ዓይን ግን ወደ አገልጋይዋ ክንዶች ይሄዳል፤ ውኃ የሞላ ሳሕን ይዞ የቆመ ሰው ክብደቱን ያውቀዋልና።

ይኸው ሠዓሊ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ1868 እና በ1869 መካከል፥ ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘውን «ባሺ-ባዙክ» ሣለ። ከምሥራቅ ጉዞው ይዞት በመጣው ልብስ አንድን ጥቁር ሰው ሐር አልብሶ፥ ሸራውን ብቻውን እንዲሞላ አደረገው፤ አጠገቡ ጌታ የለም። ያንኑ የሐር እጥፋት የሣለ እጅ፥ የሰውየውን ክብርም አሳምሮ መሣል ችሏል። ሆኖም ሥዕሉ የሚጠራው በወታደር ዓይነት እንጂ በሰውየው ስም አይደለም።

በምትሠሩበት ቤት እንዲህ ያለ አሮጌ ሥዕል ካለ፥ እርጥብ ጨርቅ አታስነኩት፤ ቫርኒሹንና ቀለሙን ይጎዳል። ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል፤ ቀለሙ መፈርፈር ከጀመረ ግን ምንም ሳትነኩት ለባለቤቱ ንገሩ።

ሥዕል ሲሸጥ የሠዓሊው ፊርማ ይጠየቃል፤ ከዚህ በፊት የማን ንብረት እንደ ነበረም ይጣራል። ሳሕኑን የያዘችው ማን እንደ ነበረች ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እናንተ አቧራውን ስታራግፉ ጠይቁ። መልሱ ባይገኝ እንኳ፥ በጥግ የቆመችውን ሴት ቢያንስ አንድ ሰው አይቷታል።