የትምህርት ቤት ገጽ ላይ ምን ይግባ?

«ሌላ አገር ያለ ተራ ሃይስኩል እንኳ በዊኪፔዲያ የራሱ ገጽ አለው፤ የጅማና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ለምን ይቀራሉ?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በድሮ ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድናችን ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉዱ የመጣው «እሺ፣ ምን እንጻፍ?» ሲባል ነው። የትምህርት ቤቱ መዝሙር መጣ። የርዕሳነ መምህራኑ ስም ከነአያታቸው መጣ። የደንብ ልብሱ ቀለም፣ የሚኒ ሚዲያው ግጥም፣ ያረፈደውን ሁሉ በር ላይ የሚያንበረክከው ዩኒት ሊደር፣ ከአጥሩ ጀርባ ሳምቡሳ የሚሸጡት እናት፣ ሁሉም ተዋጣ። በመጨረሻ ሁሉም ያጸደቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ተገኘ፦ «በርካታ ምሁራንን ያፈራ አንጋፋ የትምህርት ተቋም ነው።»

እኔ ደግሞ መጀመሪያ መሰረዝ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ስም አውጡና የጎሬውን፣ የደሴውን ወይም የአሰላውን አስገቡበት፤ ምንም አይጎድልበትም። ለሁሉም የሚሆን ዓረፍተ ነገር ስለ ማንም አይናገርም። በኢዮቤልዩ መጽሔት መቅድም ላይ ያምራል፤ እዚያው ይኑር። (የሳምቡሳዋ እናት ብትገባ ግን ደስ ባለኝ። እሷ የትዝታ መጽሐፍ ሀብት ናት፤ የሚጽፈው ሰው ቢገኝ።)

መዝገበ ዕውቀት የሚፈልገው ሌላ ነው። አንባቢው ጅማን በካርታ ላይ እንኳ የማይለይ ሰው ይሆናል። ይህን ትምህርት ቤት ከሌላው የለየው ምንድን ነው? መልሱስ ከትምህርት ቤቱ አፍ ውጭ በማን መዝገብ ይገኛል? ለእኔ ጥያቄው ከሞላ ጎደል እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቀላል ይመስላሉ፤ አንድ እውነተኛ ትምህርት ቤት ላይ ሲሞከሩ ግን ላብ ያስወጣሉ።

የጅማን የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት እንውሰድ። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የምንለው ግቢ መነሻው እሱ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጥር 1949 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ንግግር በአራተኛ ነጥብነት ያነሡት የቴክኒክ ርዳታ «ፖይንት ፎር» ተባለ። በዚሁ መርሐ ግብር የኦክላሆማ የእርሻና መካኒክ ኮሌጅ፣ በኋላ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ መምህራኑን ይዞ ኢትዮጵያ ገባ። የጅማው ትምህርት ቤት በ1952 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ በዲግሪ ደረጃ የመጀመሪያው የአገራችን የእርሻ ኮሌጅ ትምህርቱን የጀመረው ዓለማያ ሳይሆን ጅማ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። የዓለማያው ግቢ እስኪሰናዳ የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች ጅማ ተቀምጠው ተማሩ፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ሐረርጌ ተሻገሩ።

ይህ ያለ ምንም ክርክር ይገባል። ለሌላ ትምህርት ቤት ሊሰጥ የማይችል ታሪክ ነው፤ መዝገቡም ከጅማም ከዓለማያም ውጭ፣ ኦክላሆማ ድረስ አለ። አንድም የሙገሳ ቃል ሳይጨመርበት አንባቢው ራሱ «ለካ!» ይላል።

ግን ወዲያው ጥል ይነሣል። የሐሮማያ (የያኔው ዓለማያ) ልጆች «የእኛ ታሪክ ነው» ይላሉ፤ የጅማ ልጆች «ቤታችን ተወልዳችሁ!» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በጅማው ገጽ ላይ ዘርዘር ብሎ ይጻፍ፤ በሐሮማያው ገጽ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የሚከብደው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲው የቆመው በ1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ በእኛ በ1992፣ የእርሻ ኮሌጁና በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲዋሐዱ ነው። ታዲያ በገጹ ራስጌ «የተመሠረተበት ዓመት» ከሚለው ፊት ምን ይጻፍ? 1952 ቢባል ከሁለቱ ወላጆች የአንዱ ዕድሜ ብቻ ተወሰደ፤ 1999 ቢባል ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተፋቀ። የኔ ምርጫ ሦስቱንም ዓመታት ምን በተደረገበት እንደሆኑ እየለዩ ማስቀመጥና ለእርሻ ትምህርት ቤቱ የብቻው ገጽ መክፈት ነው። ከኦክላሆማ ጋር የነበረው ዘመን በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ ሆኖ ከተጠቀጠቀ ይታፈናል። በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ጎልቶ መውጣት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ የጤና ተማሪዎቹን ወደ አጋሮ፣ ሰቃና አሰንዳቦ እየላከ ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲማሩ የሚያደርግበት አሠራር የታወቀበት መለያው ነው።

ስለ ዓመት ካነሣን አይቀር፣ እኛ ጋ ብዙ ገጽ የሚያበላሸው የቀን አቆጣጠር ነው። 1952 እ.ኤ.አ. በእኛ እንደ ወሩ 1944 ወይም 1945 ይሆናል። አንዱ «በ1945 ተከፈተ» ብሎ ዓ.ም. ሳይል ይጽፋል፤ ሌላው ቁጥሩን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ገጽ ይገለብጠዋል፤ ትምህርት ቤቱ በአንድ ሌሊት ሰባት ዓመት ያረጃል። ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል፤ ትሩማን ያንን ንግግር ሳያደርጉ የንግግሩ ፍሬ የሆነ ትምህርት ቤት ጅማ ላይ ሊከፈት አይችልም። ሁሉም ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለ ማመሳከሪያ የለውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጻፍ። ጅማ ውስጥ ሚያዝያ 27 የሚባለው ትምህርት ቤት ገጽ ቢኖረውም ቀኑ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት፦ ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበት፣ ጣሊያንም በ1928 ዓ.ም. በዚያው ዕለት ከተማዋን የያዘበት ቀን ነው። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ለናይሮቢው አንባቢ ግን ቁጥር ብቻ ነው።

ወደ «ያፈራቸው ምሁራን» እንምጣ። የእርሻ ትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ የማያጠራጥር ስም ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። ከወሎንኮሚ ተነሥተው ጅማ ተማሩ፣ ከዚያ ዓለማያ፣ ከዚያ ፐርዱ፤ ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ሥራቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። በሸላሚው ድርጅት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ጅማ በስሙ ተጠቅሷል። ተማሪው በራሱ ሥራ የታወቀ፣ በትምህርት ቤቱ መማሩም በሌላ ወገን የተጻፈ፤ መስፈርቱን እንዲህ የሚያሟላ ጥቂት ነው። ሁለት መስመር ይሰጣቸው። ሽልማቱን፣ ሐጊን ዱራ የተባለችውን የሱዳን ማሽላ፣ የመንደራቸውን ርቀት መዘርዘር የሳቸው ገጽ ሥራ ነው። የኦክላሆማው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔትም እንደዚሁ። በ1951 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አላዩም። ልብ የሚነካ ነገር ነው፤ በጅማው ገጽ ላይ ግን ከግማሽ ዓረፍተ ነገር በላይ ቦታ የለውም።

አጋሮም ተመሳሳይ ፈተና አለባት፤ የበለጠ ትኩስ ነው እንጂ። የአሁኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የበሻሻ ልጅ ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃንም የተማሩት አጋሮ ነው። ይገባል? ይገባል፤ አንድ መስመር። ደጋፊው አንቀጽ ካከለበት፣ ተቃዋሚው መስመሩን ከሰረዘው፣ ሁለቱም ትምህርት ቤቱን ረስተውታል።

የአሁን መምህራን፣ የአሁን ተማሪዎች፣ የዩኒት ሊደሩ አለንጋ ግን ይቅር። ሰውየው ምናልባት በጡረታ ላይ ያለ፣ ጎረቤቱ የሚያከብረው አባወራ ነው። በአደባባይ ያልታወቀን ሰው በክፉም በደጉም ስሙን ለዓለም ማውጣት የመዝገበ ዕውቀት ሥራ አይደለም።

ከሁሉም ያከራከረን የፈተና ውጤት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ተፈታኞች ወደየዩኒቨርሲቲው ገብተው በተፈተኑበት በዚያ ዙር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ናቸው። አንድ የገጠር ቡና ከተማ ትምህርት ቤት ከነሱ አንዱ ቢሆን፣ ዜሮው ገጹ ላይ ይግባ? «ስማችን ይጠፋል» ያሉ ነበሩ። እኔ ይግባ ባይ ነኝ፤ ግን ብቻውን አይደለም። ዜሮው ከአገሪቱ 3.3 ጎን ይቀመጥ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉት ዓመታትም ይጨመሩ። ዜሮውን ብቻ የሚጽፍ ሰው ይሰድባል፤ የደመቀውን ዓመት ብቻ የሚመርጥም ያስተዋውቃል። የሁለቱም ምንጭ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ምርጫው ላይ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በየቡ፣ በጌራ፣ በሊሙ ገነት፣ በአጋሮ ዙሪያ ያስተማረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መስከረም ላይ ክፍሉ ሞልቶ ይጀመራል፤ እሸቱ ሲቀላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ወንበሮች ይሳሳሉ። ልጆቹ ለቀማ ላይ ናቸው። ግማሹ በቤተሰቡ ማሳ፣ ግማሹ በሰው ማሳ በኪሎ እየተከፈለው። ጀንፈሉ ደርቆ እስኪሸጥ ድረስ የሚመላለስ አለ፣ እስከነጭራሹ የሚቀር አለ። የሚቀጥለውን ዓመት ደብተርና ደንብ ልብስ የሚገዛውም ያው የለቀማ ገንዘብ ነው፤ ልጁን ከክፍል የሚያስወጣውና መልሶ የሚያስገባው አንድ ቡና ነው። የዓለም የቡና ዋጋ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንደወደቀው ሲወድቅ፣ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ሲተክል፣ የትምህርት ቤቱም ዓመት አብሮ ይናጋል። የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ኑሮ ከአዲስ አበባው የሚለየው፣ ከማንኛውም የምስረታ ቀን በላይ፣ ይህ ነው።

ገጹ ላይ ግን አይገባም። ጋዜጣ የዘገበውን ወይም አጥኚ ቆጥሮ ያሳተመውን ለዚህ ትምህርት ቤት እስካላቀረብን ድረስ አይገባም። አንድ አንጋፋ መምህር ይህን ስል ተቆጡ። «አርባ ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከኔ በላይ ምን ምንጭ አለ?» አሉኝ። «የለም፣ ቲቸር፤ ግን እርስዎ የሚያውቁትን አንባቢው እንዴት ያረጋግጠው?» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም፤ እውነት ለመናገር ለእኔም በደንብ አይዋጥልኝም። ደንቡን ግን አልጥልም። የሳቸው ምስክርነት ያለ ማረጋገጫ ከገባ፣ የጎረቤት ወረዳው ጉረኛም ያለ ማረጋገጫ ይገባል።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በዚህ ጉዳይ ሲጨቃጨቅ ኖሯል። ለብዙ ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መኖሩ ከተረጋገጠ ገጽ ይገባዋል የሚል ልማድ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ያ ልማድ በቂ ምክንያት እንዳይሆን ተወሰነና ገለልተኛ ምንጭ ስለ ትምህርት ቤቱ በሰፊው መጻፉ ይጠየቅ ጀመር። ጥሩ ደንብ ነው፤ ሚዛኑ ግን ለሁሉም እኩል አይከብድም። የአካባቢ ጋዜጣ በየሳምንቱ የሚወጣበት አገር ተራው ሃይስኩል ያልፋል፤ ለጌራው ግን ማን ጻፈለት? ወደ 15 ሺህ ገደማ ገጽ ያለው የአማርኛው ዊኪፔዲያ ይህን ደንብ እንዳለ ይውሰድ አልልም። ምንጭ መጠየቁን ይያዝ፤ «በሰፊው» የሚለውን ያላላው።

ከሁሉም በላይ የተጎዳው የቁርኣን ትምህርት ቤቱ ነው። ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ደረሳ ከሩቅ የሚመጣባት አገር ናት። የቁርኣን ትምህርት ቤቶቹ ሕንጻ፣ ማኅተም፣ የምስረታ በዓል፣ የፈተና ውጤት የላቸውም፤ በእኛ መስፈርት ስንፈልጋቸው ባዶ ናቸው። መዝገባቸው ሌላ ቦታ ነው፦ በዓረብኛ በተጻፉ መጻሕፍት፣ በዓረብኛ ፊደል በተከተበ ኦሮምኛ፣ ማን ከማን ተማረ በሚለው ሰንሰለት። እነዚህን ጽሑፎች በጅማ አካባቢ እየዞሩ የመዘገቡ ተመራማሪዎች አሉ። ስለዚህ «ምንጭ የለም» ከማለታችን በፊት ዓረብኛና ኦሮምኛ የሚያነብ ሰው ቡድናችን ውስጥ ይግባ።

የመምህሩን ጉዳይ በተመለከተ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ ገጹን ትተው መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይጻፉ። የትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ አይደለም፣ እሱ የራሱ አፍ ነው። ለጋዜጣ ይጻፉ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠራ ልጅ የስም መጥሪያ መዝገባቸውን ይስጡት፤ የጥቅምትና የኅዳር ቀሪዎችን ይቁጠር። እሱ ሲታተም ለቀማው ምንጭ ኖሮት ገጹ ላይ ይገባል። መምህሩ መዝገቦቹን አስቀምጠዋል፤ ለማን እንደሚሰጡ ግን ገና አልወሰኑም።

እስከዚያው አሮጌ የአዲስ ዘመን ወይም የበሪሳ ቅዳጅ ቤቱ ያለ ሰው፣ ፎቶ ስታነሡ ዜናውን ብቻ አትቁረጡ። የጋዜጣው ስም፣ ቀኑና የገጹ ቁጥር አብረው ይታዩ። ለሰርግ አልበም የተቆረጠ ፎቶ የሚመስል ቅዳጅ ልካችሁልን፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ማወቅ አቅቶን አስቀምጠነዋል።