ስንጥቁን ማን ሰነጠቀው?

የድሮዋ ቮልስዋገን ሞተር ከሥሩ መቀመጫ የለውም። ወደ መቶ ኪሎ የሚመዝነው ሞተር ካምቢዮው ላይ በአራት ቦታ ታስሮ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ ጭነቱን የሚሸከመው የካምቢዮው ገላ ነው። ሁለቱ ማሰሪያዎች ከላይ ናቸው፣ ሁለቱ ከታች። የታችኞቹን ለማየት መሬት ላይ መተኛት ግድ ይላል። እኔ ደግሞ ለመኪና ብዬ መሬት ላይ የምተኛ ሰው አልነበርኩም።

እውነቱን ለመናገር መኪና ወዳድም አይደለሁም። ቮልሷ የአባቴ ነበረች፤ ያቆየኋት በፍቅር ሳይሆን በሒሳብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ከለከለ። የእኔ ኪስ ላለው ሰው ግቢ ውስጥ የቆመችውን ጠግኖ ከመንዳት ሌላ ምርጫ አልነበረም። «ቅርስ እኮ ነው የያዝከው» የሚሉኝን ሰዎች ፈገግ ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ሕመሟ የለየለት በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ በዓል ነው፤ ሕዝቡ ሐዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ሲተም በዚያ ዙሪያ መኪና መንዳት ማለት ከእግረኛው ኋላ ኋላ መሳብ ማለት ነው። ፍሪሲዮን ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ። በለቀቅኩ ቁጥር መኪናዋ ከወገቧ በታች ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያም ከኋላ የታፈነ «ጓ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሰው በመስኮት «አይዴ ጨምበላላ!» ሲለኝ «ኢሌ ኢሌ» እያልኩ እመልሳለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከኋላ ነበር። የፍሪሲዮን ሸራው ገና አዲስ ነው። ዘይትም አይፈስም። ዘይት ካልፈሰሰ ደግሞ ብዙዎቻችን ችግር አለ ብለን አናምንም።

እዚያው ሰፈር ቮልስ ሲፈቱ ያረጁ መካኒክ አሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሞተሩን አወረዱት፤ ለለመደ ሰው የቮልስ ሞተር ማውረድ ትልቅ ሥራ አይደለም። ከዚያ ባትሪ አብርተው ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ክብ አፍ በጨርቅ ጠረጉት። ከታች በግራ በኩል፣ ማሰሪያው ከሚያልፍበት ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። ገላው ተሰንጥቋል።

«ይቀየር» አልኩ። አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ ከአፌ የሚወጣው ቃል ይኸው ነው።

ጋሼ ቀና ብለው አላዩኝም። «መቀየሩን እንደርስበታለን፣ ልጄ። ማን ሰነጠቀው?»

በቀኝ በኩል ያለችው የታች ዳዶ ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ከዚህ በፊት ሞተሩን ያወረደ ሰው ሳይመልሳት ቀርቷል፤ ማን እንደሆነ ለማወቅ አልሞከርኩም። ከታች ሁለት ሆነው መሸከም የነበረባቸውን አንዷ ብቻዋን ስትሸከም ኖራለች፤ የሐዋሳ ኮብልስቶን ደግሞ ለማንም አይራራም። የተሰነጠቀው ጎን ሥራውን በትክክል ሲሠራ የነበረው ጎን ነው። ይህ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ከራሴ አልወጣም። በመሥሪያ ቤት ሪፖርት ያዘገየ ሠራተኛ ሲመጣ ቅያሬ ከመጠየቄ በፊት የጎኑ ወንበር ባዶ መሆን አለመሆኑን ማየት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ቀድሞ እንዲህ አላደርግም ነበር።

ጋሼ አቼቶ አስመጡና ብረቱን ፍቀው አንድ ጠብታ ጣሉበት። አረፋ ፈላ። አሉሚኒየም ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ ይህ ግን የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ቮልስዋገን ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ክብደት ለመቀነስ ሲል የሞተሩንም የካምቢዮውንም ገላ ከዚህ ብረት ነበር የሚያፈስሰው፤ በአንዲት መኪና ላይ ወደ 20 ኪሎ የሚደርስ ማግኒዥየም አለ። የቮልስ ዘመዶች የሆኑት የስፖርት መኪኖችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ፖርሽ 356 መጀመሪያ ላይ የተሠራው በቮልስዋገን ዕቃዎች ነበር፤ ኋላ በ911 ላይ የተገጠመው 915 የተባለው ካምቢዮም ገላው በማግኒዥየም ተጀምሮ ወደ አሉሚኒየም ተዛውሯል። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ እነዚያን ውድ መኪኖች የሚያድሱ ሰዎች የሚጨነቁበት ስንጥቅና ጉዱማሌ ያየሁት ስንጥቅ የአንድ ቤተሰብ ነው።

ማግኒዥየም ቀላል ነው፣ ግን ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1955 በለማን የመኪና ውድድር ላይ ከ80 በላይ ሰዎች የሞቱበት አደጋ ሲደርስ የተቃጠለው መርሴዲስ አካሉ የማግኒዥየም ቅይጥ ስለነበር ውኃ ሲረጩበት እሳቱ ባሰበት። ጋሼ ይህን ታሪክ ሰሙም አልሰሙ፣ ፍቅፋቂውን በደረቅ መጥረጊያ ጠርገው አወጡና አጠገባቸው አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ አስቀመጡ። ውኃ የያዘውን ረዳታቸውን ከዚያ አባረሩት።

እኔ ግን ከመቀየር ሐሳብ አልወጣሁም ነበር። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ሶማሌ ተራ ዞሮ ያገለገለ የቮልስ ካምቢዮ ገላ ላከልኝ። ጋሼ ገና ከጆንያው ሲወጣ አይተው «ይህ የ6 ቮልት ነው» አሉ። የድሮዎቹ የ6 ቮልት መኪኖች ፍላይዊል 109 ጥርስ አለው፣ የ12 ቮልቶቹ 130። የእኔ ትልቁ ፍላይዊል በዚህ ትንሽ አፍ ውስጥ፣ አፉ ካልተሞረደ አይዞርም።

«ቢሞረድስ?»

«ቢሞረድም ልኩ ሌላ ነው።»

ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። የካምቢዮ ገላ አቧራና ዘይት ለመከልከል የተሠራ ክዳን ይመስለኝ ነበር። ለካ ኩሽኔታዎቹ የተቀመጡት እዚያ ላይ ነው፤ ትንሹ ጥርስ ከትልቁ የዲፈረንሻል ጥርስ ጋር ምን ያህል ተቀራርቦ እንደሚነካካ የሚወሰነው በገላው ልክ ነው። ሁለት ገላዎች ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡም በመቶኛ ሚሊሜትር ይለያያሉ። ስለዚህ ገላ የቀየረ መካኒክ እንደገና ለክቶ ከጥርሱ ሥር የሚገቡትን ስስ ቀለበቶች እንደገና መምረጥ አለበት። አሮጌዎቹን ቀለበቶች እንዳሉ መልሶ የገጠመ ሰው መኪናዋን እያፏጨች ይረከባል፣ ቆይቶም ጥርሱ ይበላል። መቀየር ማለት ከዜሮ መጀመር መሆኑን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ውሳኔው ያኔ ቀለለ፤ የራሷ ገላ ይበየዳል። ስንጥቁ ያለው በደረቁ በኩል ነው፣ ዘይትም ኩሽኔታም የሌለበት ቦታ። ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ላይ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ራሳቸው አይነኩትም ነበር። በፕላስቲክ ስቲል እንለጥፈው ያለም ጎረቤት ነበር፤ ማጣበቂያ ዘይት ለሚያልበው ቦታ ይሆናል፣ ሞተር ለሚሸከም ጆሮ ግን ቀልድ ነው።

ካምቢዮው ተፈትቶ ባዶው ገላ በቤንዚን ታጠበ፤ ዘይት የጠጣ ብረት ሲበየድ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። በስንጥቁ ጫፍ ላይ እንዳይቀጥል ትንሽ ቀዳዳ ተበሳ፣ መስመሩም እንደ ቦይ ተከፈተ። አርጎን ብየዳ የሚሠራ ወጣት ተገኘ፣ ግን የማግኒዥየም ዘንግ የለውም። ይሄኔ ጋሼ ጥግ የተጣለውን የ6 ቮልት ገላ አነሱና ከጎኑ ቀጫጭን ቁራጮች ቆረጡለት። አንድ ዓይነት ብረት ነው፤ ያኛው እየቀለጠ የእኔን ሞላው። ገላው አስቀድሞ እንዲሞቅ ተደርጎ፣ ብየዳው በትንሽ በትንሹ እያረፈ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ በአመድ ተሸፍኖ እስኪበርድ አደረ። ማግስቱን ቶርኖ ቤት ሄዶ የመገጣጠሚያው ፊት ተስተካከለ።

ብየዳው አስቀያሚ ነው። በአውሮፓ ጨረታ ላይ የሚቀርብ መኪና ቢሆን ዋጋውን ይጥለው ነበር። ለእኔ ግን መንቀጥቀጡ ቆሟል፣ ሁለቱም የታች ዳዶዎች ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ካምቢዮው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይቱን ይዞ ይሄዳል። የተቆራረጠውን ገላ ትራፊ ጋሼ ለሚቀጥለው ሰው አስቀምጠውታል።

ቮልስ ያላችሁ ሰዎች፣ የተሰበረ ገላ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ አትሽጡ። የዚህ ሳምንት እሑድ ደግሞ ካርቶን አንጥፋችሁ ከሥር ግቡና ሁለቱን የታች ዳዶዎች በ17 ቁልፍ ሞክሯቸው።