ዳቦው መኪና ውስጥ ቀረ

እሑድ ረፋድ ነው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አያት ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ቢሾፍቱ ወረዱ። ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ካሉት ሪዞርቶች የአንዱ ጥበቃ ዘንቢሉን አየና፣ «እማማ፣ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ትእዛዝ ነው» አለ። አያት ሌሊት ተነሥተው የጋገሩት ድፎ ዳቦ መኪና ውስጥ ቀረ።

ግቢው ያምራል። አበባው ፈክቷል፣ ሣሩ ተከርክሟል፣ ልጆቹ ከመዋኛው አንወጣም አሉ። አባት ሜኑውን ሁለቴ አገላብጦ ለአምስት ሰው ሦስት ሳህን አዘዘ። አያት ውሃውን ሲያዩ ቆይተው፣ «ልጆች ሳለን እንዲሁ ወርደን ልብስ እናጥብ ነበር። አሁን በየት በኩል ነው የሚወረደው?» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም።

ባቦጋያም፣ ሆራም፣ ቢሾፍቱም እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ የተኙ ሐይቆች ናቸው፤ የሰው እጅ የለበትም። ሪዞርት ሥራ ይፈጥራል፣ ግቢ ያለማል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ዳቦ ቋጥሮ ለሚመጣ ቤተሰብ ጥቂት ዳርቻ መተው ከተማዋን አያደኸያትም።

አመሻሽ ላይ ዳቦው መኪና ማቆሚያው ላይ ተቆረሰ። አያት የመጀመሪያውን ቁራሽ ለጥበቃው ሰጡት። በሁለት እጁ ተቀበለ።