የቆጋ ወንዝ እና የአያቴ እንስራ

በበዓል ሰሞን የሚተላለፉ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጭ የሀገር ልብስ የለበሱ አያት፣ የሚጨስ ጀበና፣ በለምለም መስክ ላይ የሚሯሯጡ ልጆች፣ ከኋላ የዋሽንት ድምፅ። ከዚያ የዘይቱ፣ የሳሙናው ወይም የባንኩ ስም ይመጣል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ማስታወቂያ ከሚያሠሩት ሰዎች አንዷ ነኝ። የማርኬቲንግ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ፣ የልጅነት ትዝታን ያህል ገበያ ያለው ነገር እንደሌለ ነው።

ባለፈው ዓመት እኛም አንድ አሠርተን ነበር። በማስታወቂያው ላይ እንስራ ያዘለች ሴት ከወንዝ ስትመለስ ቀና ብላ ትስቃለች፤ ልጆቿ ከፊቷ ይሮጣሉ። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ያገኘሁትም ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከራሴ ልጅነት ነው፤ ከመራዊ፣ ከቆጋ ወንዝ ዳር።

ዘንድሮ፣ በ2011 ጥር መጨረሻ፣ የሰባት ዓመት ልጄ የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ ወደዚያው ተጓዝን። ለሥራ ባልደረቦቼ «ያደግኩበትን ለልጄ ላሳያት ነው» አልኳቸው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ያሰብኩት ሰማንያ ዓመት አካባቢ የሆናቸውን አያቴን አሳምኜ አዲስ አበባ ይዣቸው ልመለስ ነበር።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ መራዊ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በማለዳ ከተነሳችሁ በአንድ ቀን ትገባላችሁ፤ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን ደብረ ማርቆስ እንድታድሩ እመክራችኋለሁ። ጎሐ ጽዮን ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የልጆች ጆሮ ይደፈናል፤ ሆዳቸውም ይታወካል። ሎሚና ፌስታል ከእጃችሁ አይለይ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ደጀን ስትወጡ አየሩ ይለወጣል፤ ጎጃም ገብታችኋል።

ከደብረ ማርቆስ በኋላ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ተራ በተራ ታገኛላችሁ። ይህ የበርበሬ አገር ነው። በዚህ ወቅት በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ከመኪና ሆናችሁ እንኳ አፍንጫችሁን ይነካል። ለልጄ ፍኖተ ሰላም ማለት «የሰላም መንገድ» ማለት እንደሆነ ስነግራት፣ «ታዲያ እኛ የምንሄድበት መንገድ ስሙ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት።

ከቡሬ ወዲያ መንገዱ ወደ እንጅባራ ደጋ ይወጣል። ጉዟችሁን ከጥር 23 ቀን ጋር ማገጣጠም ከቻላችሁ በዚያ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል አያምልጣችሁ፤ የተሸለመ ፈረስ በብዛት ያያችሁበት ቀን ይሆናል። ከዳንግላ አልፋችሁ ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን ትሻገራላችሁ። ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ የሚነሳውና ጣና የሚገባው ወንዝ ይኼ ነው። የእኔዋ ቆጋ ደግሞ የእሱ ገባር ናት። ከዚያ መራዊ ቅርብ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚቀራችሁም 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

መራዊ በአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር የተዘረጋች የሜጫ ከተማ ናት። የባጃጅ ጥሩምባ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ የጫኑ መኪናዎች፣ ገበያ የሚሄዱ ገበሬዎች። ለሚያልፍ ሰው ሻይ ጠጥቶ የሚሄድባት ናት። ለእኔ ግን ዓለም የጀመረችው እዚህ ነው።

ያልነበረው መስክ

እናቴ ባሕር ዳር የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበረች እስከ አራተኛ ክፍል ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው፤ እኛ እምዬ ነው የምንላቸው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን መደብ ላይ ወርውሬ ወደ መስኩ እሮጣለሁ። ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልብልቦሽ፣ እቃቃ። በበጋ ቆጋ ጎድላ እስከ ጉልበታችን ስትደርስ ከከብት ጠባቂዎቹ ጋር ውኃ እንራጫለን። የዋንዛ ፍሬ ለቅመን ጣታችን እስኪጣበቅ እንበላለን። ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረንም፤ እምዬ ስሜን ሲጠሩ መሽቷል ማለት ነው።

እናንተም የየራሳችሁ መስክ አላችሁ። ምናልባት የሰፈር ሜዳ ነው፤ ምናልባት የጎረቤት ግቢ። ወደ ሠላሳዎቹ ስትገቡና የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአለቃ ስልክ ሲደራረብባችሁ ወደዚያ መስክ በሐሳብ ትሄዳላችሁ። እኔ ግን በእግሬ ሄድኩ፤ ልጄን እጇን ይዤ።

መስኩ የለም። እንደሌለ በስልክ ሰምቻለሁ፤ ዓይን ሲያየው ግን ሌላ ነው። ከፊታችን የተዘረጋው ሰፊ ሰማያዊ ውኃ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግንባታው የተካሄደው የቆጋ ግድብ ወንዟን አቁሟት፣ እኔ የቦረቅኩበትን መስክ ሐይቅ አድርጎታል። ነጫጭ ወፎች ዳር ዳሩን ይለቅማሉ። ልጄ ውኃውን አይታ፣ እኔን አይታ፣ «እማ፣ ውኃ ውስጥ ነው ያደግሽው?» አለችኝ።

ሳቅኩ፤ ግን ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘው።

ባዶው እንስራ

እምዬ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት እየለዩ አገኘናቸው። ልጄ ሮጣ «እምዬ፣ ደህና ነሽ?» ስትል «ደህና ነዎት በይ» ብዬ ልቆጣት ስል፣ «ተያት፣ አንች ማለቷ ይሻለኛል፤ እኩያዋ አደረገችኝ» ብለው አቀፏት።

ማታ ከእራት በኋላ ጨዋታው ወደ ልጅነቴ ዞረ። እኔ የማስታውሰውን ሁሉ ዘረገፍኩ። በተለይ የነሐሴን ማታ። ዝናቡ ሳሩን ጣሪያ ሲደበድብ፣ እምዬ የተቀቀለ ድንች በጨውና በሚጥሚጣ ያቀርቡልን ነበር፤ እንጀራ የለ፣ ወጥ የለ፣ እየላጥን ብቻ። ከዚያ የሚጥም እራት እስከ ዛሬ አልበላሁም አልኳቸው።

እምዬ ዝም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ነሐሴ ጎታው ባዶ ነዋ። ዳጉሳውም በቆሎውም ያልቃል፤ አዲሱ አልደረሰ። ከዚያ ሌላ ምን ላበላሽ ኖሯል?»

ያን ድንች የዕረፍት ወራት ደስታዬ አድርጌ ሃያ ዓመት ተሸክሜው ኖሬያለሁ። ለእሳቸው ግን የእህል ማለቂያ፣ የጭንቀት ወር ነበር። እኛ ልጆቹ እንዳናውቀው አድርገው ነበር ያሳለፉት። ሚጥሚጣውን የጨመሩት፣ እኛን ያሳቁን፣ ለዚህ ነበር።

ወሬውን ለመቀየር ስልኬን አውጥቼ ያን ማስታወቂያ አሳየኋቸው። «እምዬ፣ ይህን ያሠራሁት እርስዎን አስቤ ነው» አልኳቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፦

«ይህች ሴትዮ እንስራዋ ባዶ ነው። ሞልቶ ቢሆን እንዲህ ቀና ብላ አትስቅም ነበር።»

ትክክል ናቸው። ባዶ ነበር። ቀረጻው ዕለት ተዋናይዋ እንዳይከብዳት ብለን ነበር ባዶውን ያሳዘልናት።

እምዬ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስቴ፣ ቆጋ ይወርዱ ነበር። የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮኽ ነው፤ እኔ በዚያን ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነኝ። ጠዋት ስነሳ ውኃው ቤት ውስጥ አለ። ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ለእኔ ወንዙ መራጫ ነበር፤ ለእሳቸው አቀበት።

ቦዩ

በማግስቱ አጎቴ የመስኖ ማሳውን አሳየን። የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ዋናው ቦይ ይሄዳል፣ ከእሱ ትናንሾቹ ይከፈላሉ፣ ከዚያ ገበሬው በየተራው ወደ ማሳው ያስገባል። በእኔ ልጅነት በጥር ወር ይህ አካባቢ ገለባና አቧራ ነበር፤ ገበሬው የክረምቱን ዝናብ ጠብቆ በዓመት አንዴ ነበር የሚያመርተው። አሁን ስንዴው፣ ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑና ሽንኩርቱ ለምልሞ ቆሟል። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ቦዩ ውስጥ እግሯን ነከረች። እኔ በቆጋ ያደረግኩትን እሷ በቦዩ አደረገችው፤ ደስታዋ ከእኔ ያነሰ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። መሬታቸው ውኃ የገባበት ጎረቤቶች ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል። እምዬ ዛሬም ስማቸውን እየጠሩ ያነሷቸዋል፤ በእድር፣ በማኅበር አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። የእኔ መስክ ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሹ ኪሳራ ነው።

በመጨረሻው ቀን የመጣሁበትን ጉዳይ አነሳሁ። ኮንዶሚኒየማችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ ደረጃው እንደማይበዛ፣ ሐኪም ቤት ቅርብ እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንም በእግር እንደሚደረስ አስረዳኋቸው። ለአንድ ደንበኛ ሐሳብ እንደማቀርበው አድርጌ ነበር የተዘጋጀሁት።

እምዬ ጨርሼ እስክናገር ጠበቁኝ። «ዕድሜ ልኬን ውኃ ፍለጋ ስወርድ ስወጣ ኖርሁ። አሁን ውኃው ወደ ደጄ ሲመጣ ትተሽው ነይ ትይኛለሽ?»

የምመልሰው አጣሁ። የፈለግኩት ምን እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሳቸውን ለመጦር ብቻ አልነበረም፤ ልጅነቴን ጠቅልዬ ሳሎኔ ውስጥ ላስቀምጠው ነበር የፈለግኩት። እሳቸው ግን የእኔ ትዝታ አይደሉም። የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው ሽንኩርት፣ በልጅነቴ ያልነበራቸው የተሻለ ዘመን አላቸው።

ለመሄድ ካሰባችሁ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል፤ መስከረምና ጥቅምት አበባውንና እሸቱን፣ ጥር ደግሞ የመስኖውን ልምላሜ ታያላችሁ። ባሕር ዳር አድራችሁ መራዊን በግማሽ ቀን ማየት ትችላላችሁ፤ ከከተማው ወደ ግድቡ ባጃጅ ይወስዳችኋል። ልጆች ውኃው ዳር ብቻቸውን አይሁኑ። ዘመድ ካላችሁ ግን ከሆቴሉ ይልቅ ዘመድ ቤት እደሩ። ከሁሉም በላይ፣ ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ በጣም የምትወዱትን የልጅነት ትዝታ አንሱላቸውና «በዚያ ጊዜ እናንተ ምን ላይ ነበራችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ትዝታችሁን አያበላሽባችሁም፤ ያከብደዋል እንጂ።

እኛ ከተመለስን አንድ ሳምንት ሆኖናል። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር እንደ ልማዴ ተነሳሁ። በርሜሉን ሞላሁ፣ ጀሪካኖቹን ሞላሁ፣ ባልዲዎቹን ሞላሁ። ወገቤን ይዤ ቀና ስል የልጄ መኝታ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ብርድ ልብሷን ረግጣ ጥላ ተኝታለች።

ጠዋት ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ውኃው ከየት እንደመጣ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም።