ከማን ጋር ትሆኛለሽ?

ማሻ ላይ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ቶሎ አያባራም። በ1993 ዓ.ም. ክረምት ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት የተቀመጡ ዕለትም እንዲሁ ነበር። ቆርቆሮው ስለሚንጫጫ ሰዎቹ የሚነጋገሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከጓዳው በር ሥር ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። መጀመሪያ እንሰቱ ተቆጠረ። ቀጥሎ የንብ ቀፎው፣ ቁልቁል ወደ ቴፒ በኩል ያለችው የአባቴ የቡና ማሳ፣ ላሟና ጥጃዋ፣ የእናቴ ሣጥን። በመጨረሻ እኔ ተጠራሁ።

«ከማን ጋር ትሆኛለሽ? ከእናትሽ ወይስ ከአባትሽ?»

የጠየቁኝ ሰው ክፉ አልነበሩም። እንዲያውም ልጅቱም ትናገር ብለው ያከበሩኝ መስሏቸዋል። አባቴን አየሁት፤ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። እናቴ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እሷ ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች ብዬ ነው መሰለኝ፣ «ከአባዬ» አልኩ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን ብቻ ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ያችን የነጠላ መሳብ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። እሷም አልረሳችም፤ «ያን ቀን እኮ…» ብላ ያነሣችብኝ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ልጅ የሚመርጠው የሚወደውን ሳይሆን ያሳዘነውን መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ያኔ በእኛ አገር ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ፍቺ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዳኛ ሳይሆን ወደ ቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ለጋብቻው ምስክር የነበሩት ሰዎች ያስታርቃሉ፤ እርቅ እምቢ ካለ ፍቺውን ይወስናሉ። እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ከእናቱ ጋር ይሁን ይላል ሕጉ። እኔ ደግሞ 8 ሞልቶኛል።

ያ ሥርዓት ይመለስ አልልም። የባልን ወዳጆች ዳኛ አድርጎ ስንቷን ሴት አመላልሷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ፤ ለሽማግሌ ማስታረቁን ተወለት። ያ አዋጅ ግን ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነበር። ማሻ ያኔ የነበረችበት የደቡብ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ለእኔ ሦስት ዓመት ዘገየ ማለት ነው።

ባይዘገይስ? እዚህ ላይ ነው አንድ ሰው ትዝ የሚሉኝ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል ያን ቀን ምንም ያልጠየቁኝ አንድ አባት ነበሩ። ፍቺው አለቀ፤ ጠቡ ግን አላለቀም። አባቴና እናቴ በር ላይ በተገናኙ ቁጥር ጎረቤት ይሰበሰባል። እኒህ ሰው ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ከአባቴ ቤት ይወስዱኛል፤ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ከራሴ በላይ ጥላ ያደርጉልኝና እናቴ ቤት ያደርሱኛል። እሑድ ማታ ይመልሱኛል። አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ወሬ አያሻግሩም። አባቴ «ምን አለች?» ሲላቸው፣ «መንገዱ ጭቃ ነው አለች» ይሉታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አመላለሱኝ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከፈላቸውም።

ይህ ሥራ በሌላው ዓለም ስም፣ ቢሮና ደመወዝ አለው። በዚያው በ1993 ዓ.ም. እንግሊዝ ወላጆቻቸው ፍርድ ቤት የቆሙ ልጆችን የሚያነጋግርና የሚበጃቸውን ለዳኛ የሚያስረዳ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። የተጣሉ ወላጆች ፊት ለፊት ሳይተያዩ ልጅ የሚረካከቡባቸው ማዕከላትም አሏት። በእኛም አገር አዲስ አበባ ላይ ጅምሩ አለ። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች የልጆችን ሁኔታ አጥንተው ለቤተሰብ ችሎት ያቀርባሉ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅም ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አምጥቷል። አዲስ አበባ ግን ከማሻ ሩቅ ናት።

ባለፈው ዓመት ጉዳይ ኖሮኝ አንድ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር፤ የከተማዋ ስም ይቆይ። በኮሪደሩ አንድ ጫፍ እናት፣ በሌላው ጫፍ አባት፣ መሐል አግዳሚ ወንበር ላይ ደብተሩን ያቀፈ ልጅ። ስማቸው ሲጠራ ሁለቱም ተነሡ። ልጁም ተነሣ፤ ወደ ማን እንደሚሄድ ግን አላወቀም። «አንተ እዚሁ ጠብቅ» ተባለና በሩ ተዘጋ።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ለጠየቁ ባልና ሚስት ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ለመስጠት ለዳኛው ይፈቅዳል። ለባልና ሚስቱ ማሰላሰያ ነው። ለልጁ ግን ሦስት ወር ሙሉ ያ ኮሪደር ነው። ሥልጣኑን ከሽማግሌው መውሰዳችን ደግ አደረግን። ከሥልጣኑ ጋር ግን ያን የቅዳሜ መንገድም ይዘን ሄድን፤ በየትኛውም አንቀጽ ስላልተጻፈ መጉደሉን ያየ የለም። ትልቅ ሕንፃ አይፈልግም። በየወረዳው ፍርድ ቤት አንዲት ክፍል፣ ልጅ ማነጋገር የሠለጠነ አንድ ሰው፣ ወሬ የማያሻግሩ ሁለት ሦስት የታመኑ ሽማግሌዎች ይበቃሉ። ዳኛው ልጅ የሚረካከቡበትን ቀንና ቦታ በትእዛዙ ላይ ይጻፍላቸው።

ከልጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ልጠይቀው አፌን ስከፍት ምላሴ ላይ የመጣው ምን መሰላችሁ? «ከማን ጋር ትሆናለህ?» ነው። ደንግጬ ዋጥኩት።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?» አልኩት።

«ሦስተኛ» አለኝ። ደብተሩንም ገልጦ አሳየኝ።