ሸክላው እዚህ፣ ጭፈራው እዚያ

የደብረ ብርሃን ተወላጁ ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተሰኘ ሸክላ አለ። የመጀመሪያው እትም በእጁ ያለ ሰው ዛሬ ቢሸጠው የሚያገኘው ዋጋ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። እኔ በምኖርበት በሰሜን እንግሊዝ ይህን አጥርተው የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ደብረ ብርሃን በየት በኩል እንዳለች ላያውቁ ይችላሉ፤ አሳታሚው ካይፋ መሆኑን፣ ዓመቱን፣ ኦርጋኑን የነካው ማን እንደሆነ ግን ሳያመነቱ ይነግሯችኋል። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ያሉ የአክስቶቼ ልጆችም ከዚያው ሸክላ «ሙዚቃዊ ስልት»ን በስልካቸው ይሰማሉ። የማን ነው ስላቸው መልሳቸው «የድሮ ክላሲካል ነዋ» የሚል ነው። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ምን ያህል መንገድ ነው? የአገራቸው ሰው መሆኑን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔም የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ ከአንድ እንግሊዛዊ ሸክላ ሰብሳቢ ነው።

እዚህ አገር ሸክላ መሰብሰብ የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የማንቸስተርና የዙሪያዋ የፋብሪካ ከተሞች ወጣቶች ከአሜሪካ የጥቁሮች ዘፈን ውስጥ ፈጣን ምት ያለውን ሶል መርጠው ወደዱ። የአሜሪካ ጆሮ ወደ ሌላ ስልት ሲዞር እነሱ አልዞሩም። ስለዚህ ገበያ ያልቀናቸውን፣ በትንሽ ቁጥር ታትመው መጋዘን የቀሩትን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች እያደኑ ማምጣት ጀመሩ። ለንደን ውስጥ ሸክላ ቤት የነበረው ጋዜጠኛ ዴቭ ጎዲን ከሰሜን የሚመጡት ደንበኞቹ የሚፈልጉት የተለየ መሆኑን አይቶ «ኖርዘርን ሶል» አለው፤ ስሙ ጸና። ዊጋን ካሲኖ የሚባለው አዳራሽ ከ1973 እስከ 1981 ሌሊቱን ሙሉ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያስጨፍር ነበር። መጠጥ አይሸጥበትም። ጨፋሪው እግሩ እንዲንሸራተትለት ወለሉ ላይ የሕፃናት ፓውደር ይበትናል፤ ሁሉም ለየብቻው ይጨፍራል፤ ዘፈኑ የታወቀ ቦታው ላይ ሲደርስ ግን አዳራሹ በሙሉ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል።

ይህ ባህል ዛሬም አለ። የጨፋሪዎቹ ፀጉር ሸብቷል፤ ልጆቻቸውም ተከትለዋቸዋል። ፍራንክ ዊልሰን የሚባል ሰው በ1965 ለሞታውን ኩባንያ የቀዳት አንዲት ዘፈን ለገበያ ሳትወጣ ስለቀረች፣ የተረፉት ሸክላዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዷ በ2009 ከ25,000 ፓውንድ በላይ ተሸጠች። ከዋጋው ይልቅ የሚገርመኝ የዲጄዎቹ አሠራር ነው። በዚያ ዘመን ብርቅ ሸክላ ያገኘ ዲጄ መሃሏ ላይ ያለውን ጽሑፍ በወረቀት ይሸፍነውና ለዘፋኙ የሐሰት ስም ያወጣለታል። ተቀናቃኙ ዲጄ ፈልጎ እንዳያገኛት ነው።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ነገርኩት። ጋሼ በወጣትነቱ የማኅበርና የሠርግ ግጥም አውራጅ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከበሮ ሲሰማ እጁ አያርፍለትም። ዝም ብሎ አዳመጠኝና «አንተ ልጅ፣ የዘፋኙን ስም ከደበቀው ማን ያመስግነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የጋሼ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የመንዝን ሠርግ ያየ ሰው ይገባዋል። ጥር ሲገባ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ሣር በተጎዘጎዘበት ዳስ ውስጥ ጠላው በሽክና፣ አረቄው በመለኪያ ይዞራል። አውራጁ አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል። ስንኙ የሙሽራውን አባት፣ የአማቱን አገር፣ ዳር ቆሞ የሚያፍረውን ጎረምሳ ሁሉ በስም ይጠራል። አዝማሪ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ከግሼ ራቤል እስከ ዓለም ከተማ በሠርግ ወራት ማሲንቆውን አንግቦ የሚዞረው አዝማሪ የሚኖረው ስም በመጥራት ነው፤ የሚያስጠራውም ሰው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ከታዳሚው አንዱ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይልና የራሱን ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማው ይመልሰዋል። ዘፈኑ በዚያች ሌሊት የሁለቱም ነው። እስክስታውም እንደዚያው ነው፤ ለብቻው የሚወርድ የለም፤ ትከሻውን ነቅንቆ ሌላውን ይጋብዛል፣ ያኛው ካልተነሣ ጨዋታው አይደምቅም። ዲጄም ሸክላም በሌለበት ሰው እስኪነጋ ይጨፍራል፤ በነጋታው ማንም አንዱን ስንኝ «የእኔ ነው» ብሎ አያሽገውም።

ጋሼን የሚያስደስተው ይህ ነው፤ እኔንም። ግን ያ ሁሉ ስንኝ የት ሄደ? በጋሼ ጊዜ በየሠርጉ ስማቸው የተነሣ አውራጆች ዛሬ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ካልሆነ የሚያስታውሳቸው የለም። የእንግሊዞቹ ልማድ ሊያስቀናኝ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ስም የሸፈኑት ራሳቸው ሰብሳቢዎቹ በኋላ ወረቀቱን ልጠው እውነተኛውን ዘፋኝ ፈልገዋል። ዲትሮይትና ቺካጎ ድረስ ሄደው፣ ዘፈን ትቶ በሌላ ሥራ የሚኖር ሽማግሌ ዘፋኝ አግኝተው፣ እንግሊዝ አምጥተው መድረክ ላይ አቁመውታል። በአገሩ የረሱትን ሰው እዚህ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ከስንኝ እስከ ስንኝ አብሮት ዘፍኖለታል።

የእኛም ሸክላዎች በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ዐምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ ያንን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። መጀመሪያ ሕንድ፣ ኋላም ሊባኖስ እያሳተመ በስድስት ዓመት ገደማ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ዓሊ ታንጎ በካይፋ፣ ፊሊፕስም በበኩሉ ቀጠሉ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ዳንስ ዘጋ፤ ዐምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ካሴት ሸክላን ተካ። ሸክላው አንዳንዱ ተሰበረ፣ አንዳንዱ አልጋ ሥር ቀረ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚያን ቅጂዎች ፈልጎ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል በተከታታይ ሲያወጣ ዓለም እንደ አዲስ ሰማቸው። ዐምሃም ዓለማየሁም ያረፉት በአንድ ዓመት፣ በ2021 ነው።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ግን ጌታቸው መኩሪያ ነው። የተወለደው በይፋት ነው፣ ከመንዝ ገደል ሥር። በአባቶቻችን ጉሮሮ የምናውቀውን ሽለላ ሳክስፎን ላይ አወጣው፤ ፊሊፕስ በሸክላ አተመለት። በእርጅና ዘመኑ ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን በ2006 ቀዳ፤ ጎፈር ደፍቶ በአውሮፓ መድረኮች ላይ ሲሸልል ወጣቶቹ ፈረንጆች ቃሉን ሳያውቁ ተነሡ። ያንን የሳክስፎን ድምፅ ለጋሼ በስልክ አሰምቼው ነበር። ትንሽ ዝም አለና ራሱ ቀጠለበት፤ ሳክስፎኑ ሲያቆም እሱ ሲሸልል፣ ሂሳቤ እስኪያልቅ ድረስ።

ሰብሳቢዎቹን ሳመሰግን የማይዋጥልኝን ልናገር። ዋጋው የሚንረው ጄምስ ብራውንን የሚያስታውሳቸው፣ ነፋስ መሣሪያና ኦርጋን የበዛበት ሸክላ ነው። ማሲንቆና ክራር የተቀዳበት ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ ወጥቶም ቢሆን ያን ያህል ፈላጊ የለውም። ምርጫው የእነሱ ጆሮ ምርጫ ነው። እኛ ካልመረጥን የሚቀርልን ታሪክ እነሱ የወደዱት ብቻ ይሆናል። ገንዘቡም ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሮጌ ሸክላ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ለሙዚቀኛው የሚደርሰው የለም። በስምምነት እንደገና ሲታተም ነው የሚያገኘው። የኃይሉ መርጊያ ነገር ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ዋልያስ በ1981 አሜሪካ ሄደው አንዳንዶቹ ሲመለሱ እሱ ዋሽንግተን ቀረ፤ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ እየነካ ኖረ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ገዝቶ ባለቤቱን ፈልጎ አገኘውና በ2013 እንደገና አወጣለት። ሽማግሌው ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018ም «ላላ በሉ» የሚል አዲስ ሥራ አወጣ።

የእኔ ምኞት የእነዚህ ሸክላዎች ድምፅ፣ ከነሙዚቀኞቹና ከነአቀናባሪዎቹ ስም፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ማንም ተማሪ ገብቶ በሚሰማበት ቦታ እንዲቀመጥ ነው። ኃይሉ በተወለደበት ከተማ፤ የመንዝና የመርሐቤቴ አዝማሪዎች ቅጂም ከጎኑ ሆኖ። ዩኒቨርሲቲው እዚያው ነው። የእንግሊዞቹን ጥንቃቄ ብንወስድም የጋሼን «ተቀበል» አንተውም፤ ቅጂው የሚዘጋበት ሣጥን አያስፈልገንም።

እስከዚያው ግን አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን ቤታችሁ ሸክላ ያለ ሰዎች፣ አንድ ላይ ደራርባችሁ አታጋድሟቸው፣ ይጎብጣሉ፤ እንደ መጽሐፍ አቁሟቸው፣ ከፀሐይም አርቋቸው። በሁለቱም ገጽ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሡት፤ የጀርባውንም አትተዉ፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው ዘፈን እዚያ ነው። አባታችሁ ወይም እናታችሁ በሕይወት ካሉ ከየት እንደገዙት፣ የትኛው ቤት ሲጨፍሩበት እንደነበር ጠይቃችሁ መዝግቡ። ገዢ ከመጣም ድምፁ ሳይቀዳ አትልቀቁት።