የሰውነት ሐቅና የነርሷ ጥያቄ



የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ከታወቀ በኋላ በየቀጠሮዬ «ስፖርት ይሥሩ» እባል ነበር፡፡ እኔም በልቤ «ጀለብያ የለበሰ የመድረሳ አስተማሪ በደሴ ዳገት ላይ ይሩጥ?» እያልኩ እመለሳለሁ፡፡ «እየሠሩ ነው?» ስባል ግን «አዎ» እላለሁ፡፡ ለልጆች ስለ እውነተኛነት የማስተምር ሰው በገዛ ጤናዬ እዋሽ ነበር፡፡ አስተግፊሩላህ!

አንድ ቀን አዲስ ነርስ ተቀበለችኝ፡፡ ካርዴን ካየች በኋላ «ኡስታዝ፣ ውሎዎ እንዴት ነው?» አለችኝ፡፡ ከሱብሒ ጀምሬ ነገርኳት፤ ወደ መድረሳ በባጃጅ እንደምሄድ፣ ቀኑን ተቀምጬ እንደምውል፡፡ «ከዚህ ውስጥ በእግር ሊሆን የሚችለው የትኛው ነው?» ስትለኝ «ከመድረሳ ስመለስ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ እሱን እችላለሁ» አልኩ፡፡ «እንግዲያው ከእሱ ይጀምሩ፤ ለአሁኑ 10 ደቂቃ ይበቃል» ብላ ካርዴ ላይ ጻፈችው፡፡ ስንራመድ ጡንቻችን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለጉልበት እንደሚጠቀምበት አስረዳችኝ፡፡ ሽፍን ጫማ እንዳደርግ፣ ማታ ማታ እግሬ እንዳልቆሰለ እንዳይ፣ ስኳሬ ድንገት ዝቅ ቢል ደግሞ ከረሜላ ከኪሴ እንዳይጠፋ መከረችኝ፡፡

በቀጣዩ ቀጠሮ «ሠሩ?» አላለችኝም፡፡ «ምን አስቸገረዎት?» አለች፡፡ ይህች ጥያቄ ለውሸት በር አልነበራትም፡፡ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደተራመድኩ፣ ከዚያ በፊት የተናገርኩትም ሁሉ ውሸት እንደነበር ነገርኳት፡፡ አልተቆጣችም፡፡ «ሁለቱን ሦስት እናድርጋቸው» አለች፡፡

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ እራመዳለሁ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ትንሹ መጠንም ይኸው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ ጭራሽ ከመቅረት ጥቂቱ እንደሚሻልም መመሪያው ይናገራል፡፡

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀን እየጾመ ሌሊት እየሰገደ ራሱን ላደከመው ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ሰውነቱም ሐቅ እንዳለው አስታውሰውታል፡፡ ይህን ሐዲስ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ ሐቁን መክፈል የጀመርኩት ግን ነርሷ ስትጠይቀኝ ነው፡፡

በሕክምና ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች! በሽተኛውን ከማዘዛችሁ በፊት ውሎውን ጠይቁት፤ የሚችለውንም ራሱ ይምረጥ፡፡ ቤተሰቦችም «ተራመድ» ብላችሁ ከመቀመጥ አብራችሁት ተነሡ፡፡ ታናሿ ልጄ አሁን ከመድረሳው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፡፡

አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን፡፡ አሚን!